የደረት ዶ፦ ዢልቤር ዱፕሬና የቴነር ድምፅ የተለወጠበት መንገድ

ላይኛው ዶ ፒያኖ ላይ ተራ ነጭ ቁልፍ ነው። ከመካከለኛው ዶ ወደ ቀኝ አንድ ኦክታቭ፣ ማለትም እስከ ስምንተኛው ነጭ ቁልፍ፣ ቆጥሮ መጫን ነው፤ ሕፃንም ያደርገዋል። አንድ ወንድ በጉሮሮው ሊያወጣው ሲነሣ ግን ሁለቱ የድምፅ አውታሮቹ በሰከንድ 523 ጊዜ ያህል እየገጠሙ መለያየት አለባቸው። በተራ ወሬ ጊዜ የወንድ አውታሮች በሰከንድ ከ100 እስከ 130 ጊዜ ቢርገበገቡ ነው። ይህን ላይኛውን ዶ በቀጭኑ ሳይሆን በሙሉ ድምፁ በኦፔራ መድረክ ላይ በማውጣት ስሙ የቀረው ፈረንሳዊው ቴነር፣ ማለትም ከፍ ያለ የወንድ ድምፅ ዘፋኝ፣ ዢልቤር ዱፕሬ (1806–1896) ነው። እዚህ የተጻፉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ዱፕሬ የሚወራው አብዛኛውን ጊዜ ባጭሩ ያልቃል፦ ጉልበተኛ ነበር፤ ጮኸ፤ ከእሱ በፊት የነበረው ቴነር በሐዘን ሞተ። የመጀመሪያው ስሕተት ነው፤ የመጨረሻውም ቢሆን ግማሹ ብቻ ነው እውነት። ዱፕሬ በተፈጥሮው ትንሽ ድምፅ የተሰጠው ሰው ነበር። የሠራውን ሥራ ለመረዳት ከሳንባው ይልቅ ጉሮሮውን፣ ማለትም ከማንቁርት እስከ ከንፈር ያለውን ቱቦ ማየት ይሻላል።

ሁለት ድምፅ በአንድ ጉሮሮ

የድምፅ አውታር ብንለውም እንደ ክራር ክር የተወጠረ ነገር አይደለም። በማንቁርት ውስጥ ግራና ቀኝ የተጋደሙ፣ ጡንቻ ሆነው በስስ ሽፋን የተለበጡ ሁለት እጥፋቶች ናቸው። ዝቅ ባለ ድምፅ ስንናገር ያጥራሉ፣ ይወፍራሉ፣ በሙሉ ውፍረታቸው ይጋጠማሉ። ይህ የደረት ድምፅ ይባላል። ስሙ የመጣው እጅ ደረት ላይ ሲያርፍ ንዝረቱ ስለሚሰማ ነው እንጂ ድምፁስ የሚፈጠረው ያው ማንቁርት ውስጥ ነው። ከፍ ባለው ድምፅ ደግሞ ይወጠራሉ፣ ይቀጥናሉ፣ የሚነካኩትም በጠርዛቸው ብቻ ይሆናል። ይህ የራስ ድምፅ ነው፤ ቀላል ነው፣ ፈጣን ነው፣ ግን ሳሳ ያለ ነው።

በሁለቱ መካከል መሻገሪያ አለ። ለቴነር መሻገሪያው ከመካከለኛው ዶ በላይ ባሉት በ«ሬ»ና በ«ሶል» መካከል ይወድቃል። ያልሠለጠነ ድምፅ እዚያ ላይ ይሰበራል፤ ድምፁ በመጎርነን ላይ ያለ ጎረምሳ ሲጣራ ድንገት ቀጥኖ እንደሚያመልጠው ማለት ነው።

እስከ 1830ዎቹ ድረስ የቴነር ሥልጠና ግማሹ ይህችን ስብራት መደበቅ ነበር። ዘፋኙ የደረት ድምፁን እስከ ፋ ወይም እስከ ሶል ይወስድና ሰው ሳያውቅበት ወደ ራስ ድምፅ ይሻገራል። ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ ጌጥ ነው፦ ሩጫ፣ ዙር፣ ርግብግቢት። ጣሊያናዊው ቴነር ዶንዜሊ በ1831 ለኦፔራ ደራሲው ለቤሊኒ በጻፈው ደብዳቤ ላይ የደረት ድምፁ እስከ ሶል እንደሚደርስ፣ ከዚያ እስከ ላይኛው ዶ ያለው ግን ፋልሴቶ (ቀጭኑ ድምፅ) እንደሆነ ለልብስ ሰፊ ልኩን እንደሚናገር ሰው ዘርዝሮለታል። ሌላው ጣሊያናዊ ሩቢኒ በ1835 ቤሊኒ የጻፈለትን ከላይኛው ዶ በላይ ያለውን ፋ ተወጥቶታል። ዛሬ ያንን ኖታ በወረቀት ላይ የሚያይ ቴነር ይደነግጣል፤ ሩቢኒ ግን በደረቱ ሊያወጣው አልሞከረም፣ ማንም አልጠበቀበትምም።

የዚህ ስልት የፈረንሳይ አውራ አዶልፍ ኑሪ ነበር። በ1802 ሞንፔሊዬ ተወለደ፤ አባቱም የፓሪስ ኦፔራ ቴነር ነበር። በማኑኤል ጋርሲያ ሠልጥኖ በ1821 መድረክ ወጣ፤ በ1826 የአባቱን ቦታ ወረሰ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዐሥር ዓመታት ለፓሪስ ኦፔራ የተጻፈ ታላቅ የቴነር ሚና ሁሉ በእሱ ልክ የተሰፋ ነው፦ በሮሲኒ «ጊዮም ቴል» (1829) አርኖልድ፣ በማየርቤር «ሮቤር ለ ዲያብል» (1831) ሮቤር፣ በአሌቪ «ላ ዡዊቭ» (1835) ኤልያዛር፣ በማየርቤር «ሌ ዩግኖ» (1836) ራውል። ተዋናይነቱም የተመሰከረለት ነው፤ በ«ላ ዡዊቭ» ውስጥ እስከ ዛሬ የሚታወቀውን የኤልያዛርን ነጠላ ዜማ ግጥም የጻፈው ራሱ ኑሪ ነው።

ሉካ፣ 1831

ዱፕሬ ፓሪስ ውስጥ ተወልዶ ያደገ ነው። በሾሮን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምሮ በ1825፣ ገና በ18 ዓመቱ፣ በኦዴዮን ቴአትር በሮሲኒ «የሴቪሊያው ፀጉር አስተካካይ» አልማቪቫን ሆኖ ተጫወተ። ድምፁ ግን አነሰ። ዱፕሬን ለመስማት ከመድረኩ ሥር ቃል አስታዋሹ የሚቀመጥባት ጉድጓድ ውስጥ መግባት ያስፈልጋል እየተባለ ተቀለደበት። ፓሪስ ላይ ተስፋ ሲያጣ ከሚስቱ፣ ከሶፕራኖ ዘፋኟ አሌክሳንድሪን ዱፔሮን ጋር ወደ ጣሊያን ሄደ።

በመስከረም 1831 «ጊዮም ቴል» በጣሊያን ለመጀመሪያ ጊዜ ሉካ ከተማ ላይ ሲቀርብ አርኖልድን የተጫወተው ዱፕሬ ነው። በአራተኛው ገቢር አርኖልድ አባቱ ተገድሎበት ወደ ወላጅ ቤቱ ይመለሳል፤ በመጀመሪያ ያዝናል፣ ከዚያ ጓደኞቹን ለበቀል ይጠራል። ላይኛው ዶ ያለው በዚያ የጦር ጥሪ ውስጥ ነው። ሮሲኒ ያንን የጻፈው ለኑሪ ሲሆን፣ ኑሪ ደግሞ በራስ ድምፅ እንደሚወጣው ያውቅ ነበር። ዱፕሬ በ1880 ባሳተመው የትዝታ መጽሐፉ እንደሚለው ግን ለእነዚያ ኃይለኛ ቃላት ቀጭን ድምፅ አልመጥን አለው፤ ያለውን የአካልና የመንፈስ አቅም ሁሉ አሰባስቦ በደረቱ ወጣው። ለቃሉ የሚመጥን ድምፅ መፈለጉ ነው ወደዚያ ያደረሰው።

ጣሊያን ውስጥ እስከ 1835 ቆየ። መስከረም 26 ቀን 1835 ኔፕልስ ላይ በሳን ካርሎ ቴአትር የዶኒዜቲ «ሉቺያ ዲ ላሜርሙር» ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ ኤድጋርዶን የተጫወተው ዱፕሬ ነው። ያ ሚና በሱ ድምፅ ልክ ስለተጻፈ፣ ዛሬ ኤድጋርዶን የሚያጠና ቴነር ሁሉ ሳያውቀው የዱፕሬን ጉሮሮ ልክ ይለብሳል።

ዘዴው፦ ራብዕን ወደ ሳብዕ ማዘንበል

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ጣትዎን ማንቁርትዎ ላይ አሳርፈው «ኣ» እያሉ ድምፅዎን ከዝቅታ ወደ ላይ ይውሰዱት። ማንቁርቱ ከጣትዎ ሥር ሽቅብ ሲሸሽ ይሰማዎታል። ከጋራ ወዲያ ማዶ ያለውን ሰው የሚጣራ እረኛ የሚያደርገው ይኸንኑ ነው፤ አፉን በሰፊው ይከፍታል፣ ማንቁርቱን ሽቅብ ይስባል። ርቆ ይሰማል፣ ግን ዜማ ሊሠራበት አይችልም፤ ሁለት ሰዓት ቢጮህበት ድምፁ ይዘጋል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ከማንቁርት እስከ ከንፈር ያለው ቱቦ በአዋቂ ወንድ 17 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል፤ እንደ ማንኛውም ቱቦም ደህና አድርጎ የሚያስተጋባቸው የተወሰኑ ድምፆች አሉት። አናባቢዎችን አንዱን ከሌላው የሚለዩትም እነዚሁ ናቸው። ለ«ኣ» የመጀመሪያው የማስተጋቢያ ነጥብ 700 ሄርዝ (በሰከንድ 700 ርግብግቢት) አካባቢ ነው። ዘፋኙ ከመካከለኛው ዶ በላይ ያለውን ፋ ሲዘፍን አውታሮቹ 349 ጊዜ ይርገበገባሉ፤ የዚያ እጥፍ፣ ማለትም ሁለተኛው ሃርሞኒክ፣ 698 ይሆናል። ልክ ማስተጋቢያው ላይ ዐረፈ ማለት ነው፤ ድምፁ ይሰፋል፣ ይመቻል። ከፋ በላይ ሲወጣ ግን ሃርሞኒኩ ማስተጋቢያውን አልፎት ሊሄድ ነው።

እዚህ ጋ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ማስተጋቢያውን ከሃርሞኒኩ ጋር ሽቅብ ማባረር ነው፦ አፍን ማስፋት፣ ማንቁርትን ማንሣት፣ ማለትም መጮህ። ይህ ሲ ላይ ሳይደርሱ ያልቃል፤ ማንቁርት ከዚያ በላይ የሚሄድበት ቦታ የለውም። ሌላው ሃርሞኒኩን መልቀቅ ነው፤ ይለፍ ብሎ ማንቁርትን ዝቅ አድርጎ፣ ጉሮሮን ከውስጥ አስፍቶ፣ አናባቢውን ማጥቆር። ሊያዛጉ እንደሆነ አድርገው አየር ይሳቡ፤ ማንቁርቱ ቁልቁል ሲወርድ ጣትዎ ያውቀዋል። ዱፕሬ ያደረገው ይህንን ነው፤ ፈረንሳዮች የጠቆረ ድምፅ ብለው ሰየሙት።

የፊደል ገበታ ለቆጠረ ሰው ነገሩን በአንድ መስመር ማስረዳት ይቻላል፦ ራብዑ ወደ ሳብዑ ያዘነብላል። «ላ» የሚለው ፊደል ከፋ በላይ ሲሄድ ወደ «ሎ» ይጠጋል፣ ግን «ሎ» አይሆንም፤ አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠው ሰው የሚሰማው ያው «ላ» ነው። «ኤ» ወደ «ኧ» ይሳባል። «ኢ»ና «ኡ» ማስተጋቢያቸው መጀመሪያውኑ ዝቅ ያለ ስለሆነ ብዙ መነካት አያስፈልጋቸውም፤ ለዚህም ነው አስተማሪዎች ከፍ ያለውን ድምፅ በ«ኡ» የሚያስጀምሩት። የማዘንበያው ቦታ ከዘፋኝ ዘፋኝ ይለያያል፤ ለቴነር ብዙውን ጊዜ ከሚ ቤሞል (ከሚ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለው) እስከ ሶል ባለው ውስጥ ነው። ማዘንበሉ የሚጀመረው ደግሞ አስቸጋሪው ኖታ ላይ ሲደርሱ ሳይሆን ሁለት ሦስት ኖታ ቀደም ብሎ ነው። ሲ ቤሞል ላይ ደርሶ አሁን ላጥቁር የሚል ዘፋኝ ረፍዶበታል።

ማንቁርት ሲወርድ የሚገኝ ሌላም ጥቅም አለ። ከአውታሮቹ በላይ ያለው ጠባብ ክፍል ከሰፋው ጉሮሮ ጋር ሲነጻጸር ስፋቱ ወደ አንድ ስድስተኛ ሲወርድ ራሱን ችሎ ማስተጋባት ይጀምራል፤ ማስተጋቢያውም 3,000 ሄርዝ አካባቢ ነው። የኦርኬስትራ ጉልበት ያለው 500 ሄርዝ አጠገብ ሲሆን ከዚያ በላይ እየሳሳ ይሄዳል፤ የሰው ጆሮ ደግሞ 3,000 ላይ እጅግ ንቁ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ያለ ማይክሮፎን የሰማንያ ሰው ኦርኬስትራን የሚያልፈው ከሰማንያው በላይ ጮሆ ሳይሆን ሰማንያው በሌሉበት መስኮት ሾልኮ ነው።

እርግጥ ጉልበት አያስፈልግም ማለት አይደለም። በንግግር ጊዜ ከአውታሮች ሥር ያለው የአየር ግፊት ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር የውሃ ከፍታ ቢሆን ነው፤ ሙሉ ድምፅ የሚያወጣ ቴነር ከ40 በላይ ይጠቀማል። አደጋውም እዚያ ነው።

ሲበላሽ

በጣም የተለመደው ጥፋት የደረቱን ድምፅ ሳያጠቁሩ እንዳለ ሽቅብ መሸከም ነው። አንገት ይገተራል፣ ደም ሥር ይወጣል፣ አገጭ ወደ ፊት ይሸሻል፤ ላ ላይ ሲደርስ ድምፁ ይሰነጠቃል። ሁለተኛው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ዘፋኙ ማንቁርቱን በምላሱ ሥር ቁልቁል ይጫነዋል። ለራሱ ጆሮ ትልቅና ጥቁር ድምፅ ይሰማዋል፤ አዳራሹ የሚሰማው ግን ትኩስ ድንች ጎርሶ የሚናገር የመሰለ ነው፤ ኖታውም ከልኩ ዝቅ ይላል። በመስተዋት ሲያዩት ምላስ ወደ ኋላ ተሰብስቦ ከታች ጥርሶች ከራቀ ጥፋቱ ይኸው ነው።

ሦስተኛው ጊዜ ወስዶ ይመጣል። ጤነኛ ድምፅ በሰከንድ ከ5 እስከ 7 ጊዜ ይወዛወዛል። ወፍራም አውታር በብዙ ግፊት ለዓመታት ሲነዳ ውዝዋዜው ይዘገያል፣ ይሰፋል፤ ዘፋኙ አንድ ኖታ ይዞ ሁለት ኖታ የሚያወጣ ይመስላል። ሩጫውና ጌጡም ይጠፋል፤ የወፈረ አውታር ፈጥኖ አይዞርምና።

ይህን የመጨረሻውን ነጥብ ቀድመው ያዩ ሐኪሞች ነበሩ። ዲዴና ፔትረካን የሚባሉ የሊዮን ሐኪሞች በ1840 ስለ አዲሱ ድምፅ ባሳተሙት ጽሑፍ ማንቁርቱ ዝቅ ብሎ እንደሚቆም፣ ድምፁ ኃይለኛ እንደሚሆን፣ ቅልጥፍናው ግን እንደሚቀንስና ዘፋኙን እንደሚያደክም አስፍረዋል። የኑሪ አስተማሪ ልጅ፣ በአባቱ ስም የሚጠራው ማኑኤል ጋርሲያ፣ ይህንን የጠቆረ ድምፅ ከ1832 ጀምሮ ሳስተምር ኖሬያለሁ ብሎ ተከራከራቸው። ክርክሩ ዛሬ ሲታይ ሁለቱም ወገን ትክክል ነበሩ፦ ዱፕሬ ዘዴውን አልፈለሰፈውም፤ ፓሪስ ዓይኑን ገልጦ እንዲያየው ያደረገው ግን እሱ ነው።

ፓሪስ፣ ሚያዝያ 1837

የፓሪስ ኦፔራ አስተዳደር በ1836 ዱፕሬን ከኑሪ እኩል አንደኛ ቴነር አድርጎ ቀጠረው። ኑሪ በመጀመሪያ ተስማማ፤ ከዚያ ግን ሥራውን ለቀቀ። ሚያዝያ 1 ቀን 1837 ተሰናበተ፤ ሚያዝያ 17 ቀን ዱፕሬ በዚያው መድረክ፣ በኑሪው አርኖልድ ወጣ። በአንድ ምሽት የሕዝቡ ጆሮ ተገለበጠ። ሮሲኒ ግን አልወደደውም፤ ድምፁን አንገቱ እየታረደ ከሚጮህ የተኮላሸ አውራ ዶሮ ጋር አመሳስሎታል እየተባለ ይነገራል። ሮሲኒ የጻፈው ጓደኞቹን የሚጠራ ወጣት ነው፤ ዱፕሬ የሰጠው ደግሞ የሚያስፈራ ተበቃይ። የሮሲኒን ቅሬታ እንደ ሽማግሌ ማጉረምረም የሚቆጥሩ ሰዎች ይህን ይዘሉታል።

ኑሪ አዲሱን ስልት ለመማር ወደ ጣሊያን ወርዶ ኔፕልስ ላይ ከዶኒዜቲ ጋር ሠራ። በሠላሳዎቹ ዕድሜው አጋማሽ የተደላደለ ድምፁን አፍርሶ እንደገና ሊሠራ ሞከረ። የደረቱ ድምፅ ወፈረ፤ የራስ ድምፁ ግን ጠፋ፣ ሲፈልገውም አልተመለሰለትም። ዶኒዜቲ ለሱ ብሎ የጻፈውን «ፖሊዩቶ» የኔፕልስ ንጉሥ በ1838 አገደው። ጤናውም ታውኮ፣ መንፈሱም ተጨንቆ ነበር። መጋቢት 8 ቀን 1839 በ37 ዓመቱ ራሱን አጠፋ። ዱፕሬ ገደለው የሚለው ወሬ ቀላል ስለሆነ ነው የሚደጋገመው፤ ሕመሙ፣ የታገደው ሥራና በራሱ ድምፅ ላይ የነበረው ጥርጣሬ ሁሉም አብረው አሉበት። ሬሳው ወደ ፈረንሳይ ሲመለስ ማርሴይ ላይ በተደረገው ጸሎት ኦርጋኑን የተጫወተው የሙዚቃ ደራሲው ሾፐን ነው።

ዱፕሬ በበኩሉ የቤርሊዮዝን «ቤንቬኑቶ ቼሊኒ» በመስከረም 1838 አስጀመረ፣ ግን ከሦስት ትዕይንት በኋላ ተወው። እሱ እንደሚያወሳው ሚስቱ በምጥ ላይ ነበረች፤ እየዘፈነ ሳለ ሐኪሙን ከመጋረጃው ጀርባ ቆሞ አየውና ወንድ ልጅ መወለዱን ሲሰማ ዜማው ጠፋበት። የቤርሊዮዝ ሙዚቃ ደግሞ አንዴ የሳተውን አይጠብቅም። ዶኒዜቲ ይበልጥ ተስማማው፦ «ሌ ማርቲር»ና «ላ ፋቮሪት» በ1840፣ «ዶም ሴባስቲያን» በ1843። ቬርዲም በ1847 በ«ዤሩዛለም» የጋስቶንን ሚና ጻፈለት። በዚያን ጊዜ ግን ድምፁ መድከሙ በግልጽ ይሰማ ነበር፤ በዐርባዎቹ ዕድሜው መጀመሪያ ላይ የፓሪስን ኦፔራ ተሰናበተ። ከፓሪሱ ድል እስከዚያ ያለው ጊዜ ዐሥራ ሁለት ዓመት ነው።

ጉሮሮው ቢደክምም ሰውዬው ረጅም ዕድሜ ኖረ። ከ1842 እስከ 1850 በፓሪስ ኮንሰርቫቷር አስተማረ፣ በ1853 የራሱን የድምፅ ትምህርት ቤት ከፈተ፤ ልጁ ካሮሊን ዱፕሬና ካናዳዊቷ ኤማ አልባኒ ከተማሪዎቹ መካከል ናቸው። በ1896 በ89 ዓመቱ ሲሞት ከሱ በኋላ የመጡት ቴነሮች ሁሉ ላይኛውን ዶ በደረት ማውጣት ግዴታቸው ሆኗል።

አንድ ነገር ግን ለነሱ ይበልጥ ከብዶባቸዋል። ኦርኬስትራዎች ድምፃቸው እንዲያበራ መቃኛውን ኖታ፣ ላን፣ ቀስ በቀስ ሽቅብ እየገፉት ስለመጡ በ1858 የፓሪስ ኦፔራ ላ 448 ሄርዝ ደርሶ ነበር። የፈረንሳይ መንግሥት ሮሲኒ፣ ቤርሊዮዝና ማየርቤር ያሉበትን ኮሚሽን አቋቁሞ በ1859 ወደ 435 አወረደው። ልዩነቱ ሩብ ድምፅ ብቻ ነው፤ ላይኛው ዶ ላይ ሲደርስ ግን በሰከንድ ዐሥራ አምስት ያህል ርግብግቢት ማለት ነው፤ እዚያ ላይ ለቆመ ጉሮሮ ትንሽ አይደለም። ዛሬ ብዙ የኦፔራ ቤቶች 440 ወይም 442 ላይ ይቃኛሉ።